ከአሥራት እስከ ድጎማ፦ የመንግሥት እጅና የገበሬው ጆንያ

በጅቡቲ ከተማ እምብርት ላይ ያለው አደባባይ በመዝገብ ስሙ የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ ነው፤ ስሙ አገሪቱ ነፃነቷን ያገኘችበትን ዕለት ያስታውሳል። ሕዝቡ ግን ዛሬም ምኒልክ አደባባይ ይለዋል። ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ በቅስት በተሠሩት ነጫጭ ሕንፃዎች ሥር ወንበር ስበው የሚቀመጡ አማርኛ ተናጋሪዎች ጨዋታቸው ብዙ ነው፦ የብር ምንዛሪ፣ የመንገዱ ሰላም፣ የዘመድ ጤና። ግንቦት ሲገባ ግን አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ «ማዳበሪያው ተራግፏል ወይ?»

ጥያቄው የወደብ ሠራተኛና የከባድ መኪና ሾፌር ብቻ አይደለም። ጎጃም ወይም ወሎ፣ አርሲ ወይም ሸዋ አራሽ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ይጠይቀዋል። ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የፋብሪካ ማዳበሪያ ከውጭ የሚገዛ ነው፤ ዋነኛ በሩም ይህ ወደብ ነው። በመርከብ ብትን ሆኖ ይመጣል፤ ወደቡ ላይ በ50 ኪሎ ጆንያ ይሞላል፤ ከዚያም ወደ መሐል አገር ይጫናል። አንድ ሚሊዮን ቶን ማለት 20 ሚሊዮን ጆንያ ነው፤ አንድ መኪና 40 ቶን ይጭናል ብንል 25,000 ምልልስ ይጠይቃል። የቅርብ ዓመታት ግዢ ከዚህም በላይ ነው።

በዚያ ጆንያ ውስጥ ከማዳበሪያው ሌላ በዓይን የማይታይ ነገር ተጭኖ ይሄዳል፤ ስሙ ድጎማ ነው። መንግሥት ከገዛበት ዋጋ ላይ ከፍሎ፣ ገበሬው በቀነሰ ዋጋ እንዲገዛ የሚያደርግበት ገንዘብ ማለት ነው። ገበሬው ይህን ገንዘብ በእጁ ይዞት አያውቅም፤ ሲነገርለት ብቻ ይሰማል። ይህ ጽሑፍ የመንግሥትንና የገበሬውን የመስጠትና የመቀበል ታሪክ በአጭሩ ይቃኛል። (በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው በኢትዮጵያ፣ «እ.ኤ.አ.» የተባለው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዶማና ጎተራ

ታሪኩን አደባባዩ በስማቸው ከሚጠራው ንጉሥ መጀመር ተገቢ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የደረሰው ረኃብ «ክፉ ቀን» ተብሎ ይታወሳል። ከብቱን የፈጀው በሽታ የገባው በምፅዋ በኩል ነበር። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ሞፈርና ቀንበር ያለ በሬ እንጨት ብቻ ናቸውና። አፄ ምኒልክ በዚያን ጊዜ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት እንደቆፈሩና መኳንንቱም እንዲሁ እንዲያደርጉ እንዳዘዙ ይነገራል።

በዚያው የመከራ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ አንድ ትልቅ ሥርዓት ተደነገገ፤ ይኸውም አሥራት ነው። ከዚያ በፊት ወታደሩ በገበሬው ቤት እየተሠራ የሚበላ የሚጠጣ ነበር። በአዲሱ ሥርዓት ገበሬው ከምርቱ ከአሥር አንዱን ለመንግሥት ጎተራ እንዲያገባ፣ ወታደሩም ከጎተራው ቀለብ እንዲሰፈርለት ታሰበ። ሐሳቡ ገበሬውን ከወታደሩ ጫና ለመታደግ ነበር። በተግባር ግን በብዙ ቦታ አሥራቱም ተከፈለ፣ የባለጉልበቱም መስተንግዶ በሌላ ስም ቀጠለ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ከዚህ ይገኛል። መንግሥት ለገበሬው ያደረገው ትልቁ እርዳታ፣ ራሱ መንግሥት የጫነበትን ሸክም ማቅለል ነበር። የሚሰጠውና የሚወስደው እጅ አንድ ሲሆን፣ የተሰጠውን ከተወሰደው ቀንሶ ማስላት የገበሬው ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

የጎጃም ሙግት

አሥራት 75 ዓመት ኖረ። በ1960 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ሽሮ በምትኩ ግብሩ በምርት ገቢ ላይ እንዲሰላ ደነገገ። በወረቀት ላይ ሲታይ አዋጁ የተሻለ ፍትሕ የያዘ ነበር፤ ብዙ ያመረተ ብዙ ይከፍላልና። የጎጃም ባላገር ግን ገቢውን ሊገምት የመጣውን ሹም መሬቱን ሊለካ እንደመጣ ቆጠረው። መሬት ከተለካ ርስት ይነጠቃል የሚል ሥጋት ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ነበር። በዚያው ዓመት በጎጃም ብዙ ወረዳዎች አመፅ ተነሣ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም አሰማራ።

ነገሩ የበረደው በጦር ብቻ አልነበረም። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ቆይቶም ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፍ ግብር ማሩ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ገበሬው ንጉሡን ከስሶ የረታ ያህል ነበር። ያ ምሕረት የዘመኑ ድጎማ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ከዛሬው የሚለየው ገበሬው በትክክል ያወቀው በመሆኑ ነው። ስንት ዕዳ እንደነበረበትና ስንት እንደተተወለት በቁና ሳይቀር ያውቃል።

ጭላሎ፦ ማዳበሪያው ሲመጣ

ጎጃም ስለ ግብር ሲሟገት፣ በአርሲ ሌላ ነገር ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ «ካዱ» የሚባለው፣ በአሰላ ተቋቋመ። ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ለአነስተኛ ገበሬ በብድር ማቅረብ ዋና ዓላማው ነበር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም በዚያው ሰሞን በገበሬ ማሳ ላይ የማዳበሪያ ማሳያ ያደርግ ነበር። ምርቱ በእርግጥ ጨመረ። ሠርቶ ማሳያውን ያየ ገበሬ «ነጩ አፈር» ምን እንደሚያደርግ ተገነዘበ።

የታሰበው ሁሉ ግን አልሆነም። በጭላሎ ያረሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ጭሰኛ እንጂ ባለመሬት አልነበረም። መሬቱ በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ብዙ እንደሚሰጥ የተረዳው ባለመሬት የእርሻ ኪራዩን ከፍ አደረገ፤ አለዚያም ያለ ቀረጥ በሚገባው ትራክተር ራሱ ለማረስ ሲል ጭሰኛውን አስነሣ። ለድኻው ገበሬ የታሰበ ድጋፍ ድኻውን ገበሬ ከመሬቱ ነቀለው።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጣው የእርሻ ማስተካከያ ሕግ፣ የምርት ዋጋ እንዳይወድቅ ሲል ጥጥና ስንዴ የሚዘሩ ገበሬዎችን ከማሳቸው ከፊሉን ሳያርሱ እንዲተዉ በገንዘብ ደጎማቸው። በየወረዳው ገበሬዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቁሞ የክፍያውን ሥራ ያካሂድ ነበር። በደቡቡ የጥጥ አገር ግን ክፍያው ለባለመሬቱ ሄደ፤ መሬቱ ሳይታረስ ሲቀር የእኩል አራሹ ጉልበት አላስፈለገምና ብዙ ሺህ ቤተሰብ ጎጆውን ጥሎ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1934 በአርካንሳስ ጥቁሩም ነጩም ጭሰኛ በአንድነት ማኅበር ያቋቋመው በዚህ ምክንያት ነበር። በጭላሎና በአርካንሳስ መካከል ውቅያኖስ አለ፤ የሁለቱ ጭሰኞች ዕጣ ግን አንድ ነው። ድጋፍ ወደ መሬት ሲፈስ፣ መሬቱን የያዘው እጅ ይቀበለዋል።

መሬት ለአራሹ፣ እህል ለኮታ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ይህን ቋጠሮ ፈታው። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጭሰኛ የሚባል ስም ቀረ። ከእንግዲህ ማዳበሪያ ለአራሹ ቢሰጥ የሚነቅለው ባለርስት የለም ማለት ነው።

ዳሩ ግን በባለርስቱ ቦታ መንግሥት ራሱ ተተካ። በዚያው ዘመን የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከየገበሬ ማኅበሩ በተወሰነ ዋጋ፣ በተወሰነ ኮታ እህል ይሰበስብ ጀመር። ዋጋው ከገበያው በብዙ ያነሰ ነበር። ኮታው ከምርቱ የበለጠበት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ለመንግሥት እርሻዎች እህል ግን ከዚህ የተሻለ ዋጋ ይከፈል ነበር፤ ከሚገባው ማዳበሪያና ምርጥ ዘርም የጎላው ድርሻ የእነርሱ ነበር። ለገበሬው በአንድ በኩል ማዳበሪያ እየተሰጠው፣ በሌላ በኩል ከጎተራው ከዚያ የሚበልጥ ይወሰድ ነበር። የኮታው ሥርዓት የቀረው የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲታወጅ ነው።

ድጎማ በስሙ የተጠራበት ጊዜ

መስከረም 1985 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ተዛወረ። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ተወደደ፤ ማዳበሪያም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ መንግሥት የማዳበሪያውን ዋጋ ከፊል በይፋ መደጎም ጀመረ። ከዚሁ ጋር በመላ አገሪቱ አንድ የመሸጫ ዋጋ ነበር፤ ከአስፋልት ዳር ያለውም፣ ጆንያውን በአህያ የሚያደርሰው ገበሬም እኩል ይከፍል ነበር። ይህ አንድ ዋጋ ሌላ ስሙ ያልተጠራ ድጎማ ነው፤ የርቀትን ዕዳ አገር በጋራ ይሸከመዋልና።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለቱም ቀሩ። አበዳሪዎች የሚመክሩት የነፃ ገበያ መንገድ ተይዞ ድጎማው ተነሣ፤ ዋጋውም ለየአካባቢው ተለቀቀ። በማግሥቱ፣ ግንቦት 1990 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሣ። እስከዚያ ዋና የነበረው የአሰብ በር ተዘጋና የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ይህ ከተማ ከኢትዮጵያ ማሳ ጋር እንዲህ የተሳሰረው ከዚያ ወዲህ ነው። ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ባቡር ከዚህ ወደብ ጋር ያገናኘው ከሁሉ አስቀድሞ ቡናውንና ቆዳውን ነበር፤ አሁን የማዳበሪያውም የእህሉም የመኪናው መንገድ አንድ ሆነ።

ድጎማው ሲነሣ በቦታው ብድር ገባ። የክልል መንግሥታት በበጀታቸው ዋስ እየሆኑ ከባንክ ወስደው ለገበሬው በዱቤ አደሉ። ዋሱ በጀት በመሆኑ፣ ዕዳው ሳይመለስ ቢቀር የትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው ገንዘብ ይነካል። ስለዚህ ማዳበሪያ እንዴት እንደሚበተን የሚያስተምረው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖ ከገበሬው ደጅ ይቆም ጀመር። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ዝናቡ ሰመረ፤ በቆሎ ሞላ፤ ዋጋውም ወደቀ። አዝመራው የተትረፈረፈለት ገበሬ ሸጦ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ የማጨጃውን ወጪ እንኳ አይሸፍንም ብሎ ማሳው ላይ የተወም ነበር። በዓመቱ ድርቅ መጣ። በተትረፈረፈበት ዓመት ዕዳ የገባ ሰው፣ በድርቁ ዓመት ምኑን ይሽጥ?

በእጅ የሚቆጠረው ክፍያ

መንግሥት ለገበሬው በቀጥታ፣ በእጁ የሚቆጥረውን ገንዘብ የከፈለበት መንገድ የመጣው ከዚህ ድርቅ በኋላ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በየዓመቱ የምግብ እጥረት ያለባቸውን ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጉ የገጠር ሰዎች አቀፈ። ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ኩሬ ቆፍሮ ይከፈለዋል፤ ሽማግሌውና ነፍሰ ጡሯ ያለ ሥራ ይሰጣቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ገንዘቡ ከለጋሾችና ከመንግሥት የተዋጣ ነው።

ስድስት ብር ትንሽ ናት። ነገር ግን ከጆንያው ድጎማ የሚለያት አንድ ትልቅ ነገር ነበራት፤ ተቀባዩ ያውቃታል። የተቀባዮቹ ስም በቀበሌ ስብሰባ ላይ ይነበብ ነበር፤ ቀርቶብኛል ያለ አቤቱታ የሚያቀርብበት ኮሚቴ ነበረው። ክፍያው በዘገየ ጊዜ መዘግየቱን ሁሉ ሰው ይናገር ነበር፤ በጎደለ ጊዜ ስንት እንደጎደለ ይታወቅ ነበር። በአሜሪካም ቢሆን ለእርሻ የሚከፈለው ገንዘብ ለትልልቅ ባለይዞታዎች ያደላል ተብሎ የሚደረገው ክርክር በቁጥር የተደገፈ ሊሆን የቻለው፣ ማን ስንት እንደተቀበለ የሚያሳየው ዝርዝር ለሕዝብ በመውጣቱ ነው።

ስውሩ ድጎማና ግልጹ

ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የማዳበሪያ ግዢ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ገባ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ወረሰው። በእነዚያ ዓመታት በበጀት ላይ ድጎማ የሚል ቃል እምብዛም አይታይም። ነገር ግን ነበረ። ባንክ ለማዳበሪያ የሚሰጠው ዶላር በይፋው ምንዛሪ ነበር፤ ይህም ከገበያው ያነሰ ነው። ልዩነቱ ሳይነገር ገበሬውን ይደጉም ነበር። በአንጻሩ ያው ምንዛሪ ቡናና ሰሊጥ ለውጭ ገበያ የሚያመርተውን ገበሬ ይጎዳ ነበር፤ ላቡ ያመጣው ዶላር በርካሽ ይመነዘራልና። እንግዲህ በአንዱ ምንዛሪ የጤፍ ገበሬው ሲደጎም፣ የቡና ገበሬው ግብር ይከፍል ነበር፤ ሁለቱም ግን ይህን አያውቁም።

ግልጹ ድጎማ የተመለሰው ዓለም ሲናወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ገበያ አንድ ቶን ዩሪያ ከ250 ዶላር በታች ነበር፤ የጋዝ ዋጋ ንሮ፣ በዩክሬን ጦርነት ተነሥቶ፣ በ2022 ከ900 ዶላር አለፈ። በዚያ ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ለማዳበሪያ ድጎማ መደበ። ይህን ገንዘብ በ10 ሚሊዮን ኩንታል ብናካፍለው ለኩንታል 1,500 ብር ይደርሳል። ትልቅ ገንዘብ ነው። እንዲያም ሆኖ ገበሬው ካምናው በእጅጉ የበለጠ ከፈለ፤ የናረው ዋጋ ከድጎማው በላይ ነበርና። «ተደጉሞልሃል» የተባለ ሰው ካምናው አብዝቶ ሲከፍል ምን ብሎ ያምናል?

በተከታዩ ዓመት ሌላው ችግር ታየ። ሰኔ 2015 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ሰልፍ ወጡ። የበቆሎ ማሳ ደርሶ ይጠብቃል፤ ዝናቡ ገብቷል፤ ጆንያው ግን አልደረሰም። ነሐሴ ላይ የሚደርስ ማዳበሪያ ጅብ ከሄደ እንደሚጮኸው ውሻ ነው። በዋጋው ላይ የተቀነሰው ብር ሁሉ፣ ቀኑ ካለፈ፣ ለማንም አይተርፍም። እጥረት ባለበትም የተደጎመው ጆንያ በየመንገዱ ዋጋ እየጨመረ ከነጋዴ እጅ ይገኛል፤ ያን ጊዜ ድጎማው የሚያልፈው ለአራሹ ሳይሆን መሐል ላይ ላለው ነው። በጭላሎ ባለርስቱ በቆመበት ቦታ አሁን ሌላ ሰው ቆሟል።

ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ በሳምንታት ውስጥም አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር አለፈ። ለዓመታት በምንዛሪው ውስጥ ተሰውሮ የኖረው ድጎማ በአንድ ቀን ገላጣ ወጣ። መንግሥትም ለማዳበሪያ፣ ለነዳጅና ለመድኃኒት ድጎማ የሚውል ተጨማሪ በጀት ለመያዝ ተገደደ። የ1985 ዓ.ም. ታሪክ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ተደገመ ማለት ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከናይጄሪያው የዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በሶማሌ ክልል በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለማቋቋም ስምምነት መፈረሙ፣ ከዚህ የዶላር ዕዳ ለመውጣት የተያዘ ተስፋ ነው።

በጆንያው ላይ የሚጻፍ

ይህን ሁሉ ስናይ፣ መንግሥታት ለገበሬው ምንም አላደረጉም ማለት አይቻልም። ዶማ ጨብጠዋል፣ ግብር ምረዋል፣ መሬት ሰጥተዋል፣ ዋጋ ደጉመዋል። ችግሩ ከሰጪው እስከ ተቀባዩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ገበሬው ሊቆጥረው የቻለውን ድጋፍ፣ እንደ ጎጃም የውዝፍ ምሕረትና እንደ ሴፍቲኔቱ ስድስት ብር ያለውን፣ ሲጎድል ተሟግቶበታል። ሊቆጥረው ያልቻለውን፣ በኪራይ ውስጥም ሆነ በምንዛሪ ውስጥ የተሰወረውን፣ ሌላው ሲወስድበት እንኳ አላወቀም።

መፍትሔው ሁሉ ከዚህ ገጽ አይገኝም። አንድ ነገር ግን ቀላል ነው። ጆንያው እዚሁ ወደብ ላይ ሲሞላ የማዳበሪያው ዓይነትና ክብደት ይታተምበታል። በየቀበሌው መጋዘን በር ላይ ደግሞ ሦስት ቁጥሮች በጉልህ ቢለጠፉ፣ ማለትም ወደብ የደረሰበት ዋጋ፣ የማጓጓዣው ወጪና መንግሥት የከፈለው ድጎማ፣ ማንበብ የሚችል ልጅ ለአባቱ ያነብለት ነበር። አባትየውም ከተጠየቀው ዋጋ ጋር ያስተያያል። ልዩነት ካለ የት እንደገባ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ድጎማው በሬዲዮ የሚሰማ ወሬ መሆኑ ቀርቶ የእርሱ ገንዘብ ይሆናል።

ምኒልክ አደባባይ ላይ ሆኖ «ተራግፏል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የጥያቄውን ግማሽ ጠይቋል። ከከተማው ዳር፣ ፒኬ 12 ላይ፣ ሾፌሮቹ ሸራ አጥብቀው ወደ ጋላፊ ይነሣሉ። የጥያቄው ሌላ ግማሽ ከእነርሱ ጋር ይሄዳል፦ በስንት፣ ለማን፣ ደግሞም ከዝናቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ?